ጠፋብኝ ባይ የሌለው ሬሳ

የፋሲካው ቄጤማ ከየቤቱ ገና ተጠርጎ ሳያልቅ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሾች አውድማ ሰፈር ውስጥ ሰው ቆፍረው አወጡ።

ሰው ስል ከሰው የቀረውን ማለቴ ነው። እኔ ዋና ኢንስፔክተር ደመላሽ፣ ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ ሌባ ስሜን ሲሰማ ጫማውን ጥሎ የሚሮጥልኝ ሰው፣ ስደርስ የዲላ ሕዝብ በሙሉ እዚያ ቆሞ ነበር። የገደብና የፍስሐ ገነት ሰውም ተጨምሮበት ነበር ብል አላጋነንኩም። ዝናቡ ደግሞ ኖኅ ቢያየው መርከቡ ላይ ፎቅ የሚጨምርበት ዓይነት ነው።

«ወደ ኋላ!» ብዬ ጮኽኩ። ይህ ድምፄ አንድ ጊዜ በሬ አስደንብሯል። ሕዝቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሳጅን ታዲዮስ ቀስ ብሎ በጌዴኦኛ አንድ ነገር አላቸው። ሰዉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ።

«ምን ብለሃቸው ነው?»

«ኢንስፔክተሩ ጉንፋን ይዟቸዋል፣ እንዳይጮሁ እርዷቸው አልኩ።»

ታዲዮስ እንዲህ ነው። የቸርቹ መዘምራን መሪ ስለሆነ ሲዋሽም ድምፁ ያምራል።

አውድማ ሰፈር የቀበሌ ቤቶች ሰፈር ነው። ጭቃቸው ተፈርፍሯል፣ ቆርቆሯቸው ዝጓል፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። አንዱ ቢያስነጥስ ሁሉም ይወድቃሉ። የከተማው ምክር ቤት እነሱን አፍርሶ፣ ኪራያቸው የሚቀመስ አዳዲስ ቤቶች ሊሠራ ወስኗል፤ ነባር ተከራይ ሁሉ አዲስ ቤት ያገኛል ተብሏል። ቀያሾቹ የመጡት የአፈሩን ጥንካሬ ሊያዩ ነበር። ከአንደኛው ቤት ጓሮ፣ ከአንድ ግዙፍ እንሰት ሥር ቆፈሩ፤ አፈሩም ለሰለሰላቸው። በጣም ለሰለሰላቸው።

ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ዐፅሙ በጋቢ ተጠቅልሎ ነበር። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል፤ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ። አንገቱ ላይ የማዕተብ ክር አለ። ገዳይ ሬሳ ይጥላል፤ ይህንን የቀበረው ሰው ግን አስተኝቶታል። የጋቢውን ጫፍ እንዳይበርደው ብሎ እግሩ ሥር አጥፎለታል። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ሬሳ አንድ ከተማ ይሞላል፤ እንደዚያኛው ግን ቀና ብዬ ዙሪያዬን እንዳይ ያደረገኝ የለም። የሆነ ሰው ከኋላዬ እያየኝ እንደሆነ ማጅራቴ ላይ ተሰማኝ።

ዞርኩ። የቤቱ መስኮት ላይ መጋረጃው ወደ ቦታው ሲመለስ አየሁ።

«ማን ነው እዚያ ውስጥ?»

«ወይዘሮ አሰፋች ናቸው፣ ተከራይዋ» አለኝ ደግነት፤ የቀበሌው የቤቶች ሠራተኛ ነው። «ከሸዋ የመጡ አሮጊት። ባልም ልጅም የላቸውም። አልጋ ላይ ከዋሉ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል።»

የጓሮውን በር ይዛ አንዲት ሴት ቆማለች። አስታማሚያቸው ኤልቤቴል ናት፤ ከጌዴኦው ገጠር ከወርቃ የመጣች፣ እጇን የቡና ለቀማ ያሻከረባት። ሰው ሁሉ ጉድጓዱን ያያል፤ እሷ የምታየው ደግነትን ነበር።

«አቶ ደግነት፣ ይሄ ነገር ቤቱን ያስቀርብናል?»

«ወይዘሮ አሰፋች በሕይወት እስካሉ ቤታቸውን የሚነካ የለም። ካረፉ ግን ታውቂዋለሽ፤ ቤቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል። አስታማሚ አይወርስም።»

«ሬሳ ፊት ይሄ ይባላል?» አልኩት።

«መመሪያ ነው፣ ጋሼ።»

«መመሪያህ ከዝናቡ ይብሳል።»

*

ረቡዕ ዕለት ወተት ይዤ ሄድኩ። የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጁን የሚሄድ መርማሪ ያልተወለደ ይሻላል። የእኔ ስጦታ ሰው ያናግራል፤ አንድ ጊዜ በአንድ ኪሎ ሙዝ ብቻ የቡና ሌቦች ቡድን በሙሉ አናዝዣለሁ።

ኤልቤቴል በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ክፍሉ አንድ ነው፤ ግማሹን መጋረጃ ከልሎታል። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ የሚተነፍስ ሰው።

«ጋሼ፣ ጉሮሮዋ ተይዟል። ብርሃንም ያማታል። ባያስለፈልፏት።»

«እማማ አሰፋች፣ እንደምን ዋሉ?» አልኩ ወደ መጋረጃው።

ሳል። ከዚያ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ሹክሹክታ። «እግዜር ይመስገን።»

«ጓሮዎ ውስጥ ሰው ተቀብሮ ተገኝቷል። የሚያውቁት ነገር አለ?»

 ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይደበድባል። ዝምታው ረዘመ፤ የተኛ ሰው ዝምታ አልነበረም፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሌላ ሰው የሚነግረውን የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነበር። እኔ ጅብ በጥፊ የመታሁ ሰው ነኝ፤ ግን እግሬ በራሱ ፈቃድ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ክፉ ሰው... አልቀበረውም» አለ ሹክሹክታው።

«እንዴት አወቁ?»

ሳል ብቻ። ወተቱን ለኤልቤቴል ሰጠኋት፤ እሷም በመጋረጃው ስር አቀበለች። አጥንት የሆነ እጅ ኩባያውን መልሶ ገፋው።

«ረቡዕ ነው። ጾም።»

«ይህን ጽናት ተመልከት» አልኩት ታዲዮስን ስንወጣ። «በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ጾም አይሽሩም። የድሮ ሰው!»

«እኛ ጋ ቢሆን ለታመመ ይፈቀድ ነበር» አለ ታዲዮስ።

*

አጥንቱን ለሆስፒታሉ ከሰጠሁ በኋላ ውጤት አልጠበቅኩም። የእኔ አፍንጫ ከሆስፒታል ይቀድማል። ባርናባስ የሚባል የቡና ደላላ ከዚያ ቤት አጠገብ ባለችው ማድቤት በደባልነት ይኖር ነበር፤ አንድ ቀን ልብሱን እንኳ ሳይሰበስብ ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ «ተገድሎ ነው» ሲል ከርሟል።

«ጉዳዩ አልቋል» አልኩ። «ሟቹ ባርናባስ ነው። እስክሪብቶ አምጣ።»

ታዲዮስ እስክሪብቶ አላመጣም፤ ስልክ አምጥቶ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ ስልኩ።

«አንተ ማነህ?»

«ባርናባስ። ከቡሌ ሆራ።»

«ሞተሃል እኮ!»

«ጋሼ፣ እባክዎ ለመጀመሪያዋ ሚስቴ እንደዚያው ይንገሩልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደወለ። ሴት ናት፤ ያረጀች። አጥንቷ ላይ የድብደባም የስለትም ምልክት የለም። ከተቀበረች ዓመት አልፏታል።

ያረጀች፣ ማዕተብ ያሰረች ሴት። በየአብያተ ክርስቲያኑ፣ በየእድሩ፣ እስከ ገደብ ድረስ ጠየቅን። አያቴ ጠፋች፣ አክስቴ ጠፋች ያለ የለም። ዶሮ የጠፋባት ሴት ከቢሮዬ አትጠፋም፤ እናት የጠፋበት ሰው ግን አንድም አልመጣም። ሟቿ ከሰማይ ወርዳ ራሷን የቀበረች ትመስል ነበር። ሰፈርተኛው ከዚያ ጓሮ እንሰት መፋቅ ተወ። አንዳንዱ እንሰቱ ቅጠሉን ያለ ነፋስ ሲያወዛውዝ አየሁ ይላል። እኔም አይቻለሁ፤ የእኔው ደግሞ ግንዱንም ነው ያወዛወዘው።

የቀረኝ ደግነት ነበር። እህቱን ይዞ የዚያን ቤት በር በዓይኑ ሲለካ ታይቷል ብለው ሰፈርተኞቹ ነግረውኛል።

«ቤቱን ለእህትህ ፈልገኸዋል» አልኩት ቢሮው ገብቼ።

«ብፈልግስ? መፈለግ ወንጀል ነው?»

«አሮጊቷ ካልሞቱልህ ሌላ አሮጊት ገድለህ ጓሮ ቀበርክ፤ ቤቱ የወንጀል ቦታ ሆኖ እንዲዘጋ።»

ደግነት አፉን ከፍቶ አየኝ። «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ከተቀበረች ከዓመት በላይ ሆኗታል አላሉም? እኔ ያኔ ፍስሐ ገነት ነበርኩ። ወደ ዲላ የተዛወርኩት ጥቅምት ላይ ነው። አውድማ ሰፈር በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።»

ታዲዮስ አጣራ፤ እውነት ነበር።

«የቤቶቹን ተከራዮች ስታጣራ ወይዘሮ አሰፋችን አይተሃቸዋል?» ብሎ ጠየቀው ታዲዮስ።

«አዎን። ማለቴ... ከመጋረጃው እጃቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የታመመ ሰው ልግፈፍ እንዴ?»

*

ዓርብ ቀን እትዬ ቆንጅት ቤት ገባን። ግድግዳቸው ከወይዘሮ አሰፋች ግድግዳ ጋር አንድ ነው፤ ወዳጅነታቸውም የዕድሜ ልክ ነው።

«እየገባሁ እጠይቃታለሁ» አሉ እትዬ ቆንጅት። «ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ደመላሽ? ፈራኋት። ድሮ ስትስቅ ቆርቆሮው ነው የሚስቀው። አሁን ያቺ ሴት በሽታው ወስዷት፣ ሌላ ሰው አስተኝቶባት የሄደ ይመስለኛል። መጋረጃውን ልግለጥ ስል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ስታወራ እሰማለሁ።»

«ከኤልቤቴል ጋር ነዋ።»

«ኤልቤቴል ሥራ ወጥታ ሳለችም።»

 እትዬ ቆንጅት ተነሥተው ጎመን በሥጋ ከቆጮ ጋር አቀረቡ፤ ቅቤው የሚንሳፈፍበት። እኔ እጄን ቀድሜ ዘረጋሁ፤ በምግብ ላይ ደግሞ ከእኔ የሚቀድም አልተፈጠረም።

ታዲዮስ ግን እጁን ሰበሰበ። «እትዬ፣ ለእኛ ብለው ነው? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። እናንተ አትጾሙም?»

እትዬ ቆንጅት ሳቁ፤ ከገባን ጀምሮ ሲስቁ ገና ማየቴ ነው። «አይ ጴንጤ! በዓለ ሃምሳ ነው እኮ! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። ጌታ ከተነሣ በኋላ ምን ያጾመናል? ይሄን የኛ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።»

«አላውቅም ነበር፣ እትዬ።»

«በምን ታውቃለህ? ብላ፣ ብላ!»

ጉርሻው አፌ ላይ ሳይደርስ ቆመ። አጥንት የሆነ እጅ የወተት ኩባያ ሲገፋ አየሁ። ረቡዕ ነው፣ ጾም። የሸዋ አሮጊት፣ ዕድሜዋን በሙሉ የጾመች፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን ረቡዕን የምትጾም። እኔ ጾም ቆጥሬ ስለማላውቅ ያን ዕለት አልነቃሁም።

«ታዲዮስ» አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «ያ አልጋ ላይ ያለችው ሴት ጴንጤ ናት።»

እትዬ ቆንጅት ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

*

ኤልቤቴል በሩን ስትከፍት ፊቴን አይታ ገባት። ወደ ኋላ ሄዳ መጋረጃው ፊት ቆመች።

መጋረጃውን መግለጥ እችል ነበር። በእነዚህ እጆቼ ከባድ መኪና ያቆምኩ ሰው፣ አንድ ጨርቅ አላቃተኝም። ግን ከጨርቁ ወዲያ ያለችው ማን እንደሆነች ሳይሆን፣ ማን እንዳልሆነች ነበር ያስፈራኝ። ስለዚህ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ እስከዛሬ ለአለቃዬ ያልነገርኩትን ነገር ተናገርኩ።

«ኤልቤቴል፣ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ሬሳዋ ስም የላትም። ጠፋችብኝ ያለ የለም፤ የተደበደበችበት ምልክትም የለም። ነገ ማዘጋጃ ቤቱ ጧሪ ቀባሪ ከሌላቸው ጋር ይቀብራታል፤ ያለ ቄስ፣ ያለ እድር። እኔም መዝገቡን እዘጋለሁ። ወይዘሮ አሰፋች በሕይወት ይቆያሉ። ቤቱም ይደርሳችኋል።»

ታዲዮስ ቀና ብሎ አየኝ። 

«ዝም ካላችሁ» አልኩ፣ «ዝም እላለሁ።»

ኤልቤቴል መሬት መሬት አየች።  ቤቱን አየች፤ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ፣ ጥግ ላይ ጠብታ የሚቀበለውን ባልዲ። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን እምቢ አላወቅኩም።

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ድምፅ ጮኸ። ሹክሹክታ አልነበረም።

«ስም አለው! አሰፋች ነው ስሙ! አሰፋች ይባላል!»

መጋረጃው ተገለጠ። በነጠላ የተጠቀለለች፣ አጥንቷ የቀረ አሮጊት በእግሯ ቆማለች። የወርቃ ሴት ናት፤ ፊቷ የኤልቤቴል ፊት ነው፣ ሠላሳ ክረምት የዘነበበት።

«እናቴ ናት» አለች ኤልቤቴል። «ጸሐይ ትባላለች። አባቴ ሲሞት መሬቱን ወንድሞቹ ወሰዱት፤ መግቢያ ስታጣ እኔ ጋ መጣች። እማማ አሰፋች ናት ቀበሌም ጎረቤትም እንዳያውቅ ደብቃ ያስገባቻት። እዚያው አልጋ ላይ አብረው ነበር የሚተኙት።»

«አሰፋች እንዴት ሞቱ?»

«እንቅልፍ ላይ። ቀድማ ግን አስምላኛለች፤ ቤተ ክርስቲያን ከቀበርሽኝ አንቺና እናትሽ መንገድ ላይ ትወድቃላችሁ፣ እዚሁ ቅበሪኝ፣ ማዕተቤን ብቻ እንዳትበጥሺው አለች። ጋሼ፣ እኔ ቄስ አላውቅም፣ ጸሎቱን አላውቅም። የኛን መዝሙር ቀስ ብዬ ዘመርኩላት። ሌላ አላውቅም።»

በዓለም ላይ ካሉ ውሸታሞች ግማሹን መርምሬያለሁ። ያቺ ልጅ አልዋሸችም።

«ጾሙስ?» አልኩ ወደ እናቷ። «እኔን ለማታለል ነበር?»

ጸሐይ አልገባትም፤ ታዲዮስ በጌዴኦኛ ጠየቃት። እሷ ግን ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» በሚለው አማርኛዋ ለእኔ መለሰችልኝ።

«ማታለል የለም። ለሱ ቄስ አልጸለየም። ፍትሐት አላገኘም። እኔ ነኝ የሱን አልጋ የወሰድኩት። ስለዚህ የሱን ጾም እኔ ጾምኩ። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ሁሉንም። እሱ ከጎኔ ይተኛል፤ ዛሬ ምን ቀን ነው እለዋለሁ። አይመልስም። ስለዚህ አንድም ቀን አልዘለልኩም።» ተቀመጠች። «የማይጾም ሳምንት እንዳለ ማን ነገረኝ?»

ታዲዮስ ወጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ ሲናፈጥ ሰማሁት። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ቆርቆሮው ዓይኔ ላይ አፍስሶ ነው።

*

ወይዘሮ አሰፋች እሑድ ተቀበሩ። እትዬ ቆንጅት ዙረው ለምነው አራት ቄስ አመጡ፤ አራት ይበሉ እንጂ እኔ የቆጠርኩት አንድ ሀገረ ስብከት ነው። ፍትሐቱ ረጅም ነበር። ጸሐይ ከግቢው አጥር ውጭ ቆማ እስከ መጨረሻው ቃል አዳመጠች። ኤልቤቴልን ቃሏን ተቀብለን በዋስ ለቀናታል። ቤቱን ደግሞ ደግነት የዚያኑ ቀን አሸገው።

የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር አቶ ሽመክት ድንኳኑን የት እንደሚተክል ግራ ገባው። ከታሸገው በር ፊት ለፊት ጭቃው ላይ አስተከለውና «የሟች ልጅ የት አለች?» ብሎ ተጣራ።

ሰዉ ተያየ። አሰፋች ልጅ እንደሌላቸው ሁሉም ያውቃል፤ ሽመክትም ያውቃል። እትዬ ቆንጅት ከኋላ የቆመችውን ኤልቤቴልን በክንዷ ይዘው አምጥተው በልጅ ቦታ፣ ፍራሹ ላይ አስቀመጧት። እናቷም አብራት ተቀመጠች።

ሦስት ቀን ሲሞላ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያነሱ መጡ። ኤልቤቴል ብርድ ልብሷን መጠቅለል ጀመረች።

«የት ልትሄዱ ነው?» አላት ሽመክት።

«እንጃ፣ ጋሼ።»

ሽመክት ካስማውን ሊነቅል የጎነበሰውን ሰው ትከሻውን ያዘው። «ተቀመጪ። ኀዘኑ ያልወጣለት ሰው ድንኳን አይነሣበትም። የእድራችን ደንብ ነው።»

እንዲህ ያለ ደንብ በዲላም ሆነ በምድር ላይ የለም። ግን ማንም አልተቃወመም።

ደግነት ቀያሾቹን ይዞ መጣ። «ይሄ እኮ የአዲሶቹ ቤቶች ቦታ ነው! ድንኳኑ መቼ ነው የሚነሣው?»

«ልጅቷ እንባዋ ሲደርቅ» አለው ሽመክት።

«ኢንስፔክተር፣ ሕግ ያስከብሩ እንጂ!»

ሕግ አስከበርኩ። ጫማዬን አውልቄ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ፤ ታዲዮስም ባርኔጣውን ይዞ ተከተለኝ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበው ጀመር። የሰፈሩ ቆርቆሮ በሙሉ ያፈሳል፤ ሸራው ግን ጠብ አላለበትም።

እናትና ልጅ ፍራሹ ላይ ዳርና ዳር ተቀምጠዋል። መካከላቸው ሰፊ ቦታ አለ፤ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

«እዚያ አይደለም፣ ጋሼ» አለችኝ ኤልቤቴል በትሕትና። «ሰው አለበት።»

ወደ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ።